የጨረር ሕክምና በሽንት ፊኛ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትና የአማርኛ ስያሜዎቹ

1. መነሻ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጉዳይ በመጀመሪያ እይታ የሐኪሞች እንጂ የቋንቋ ባለሙያዎች ላይመስል ይችላል። በማኅፀን በር፣ በማኅፀን፣ በፕሮስቴት ዕጢና በአንጀት መጨረሻ ላይ የሚነሣ ካንሰር በጨረር በሚታከምበት ጊዜ ጨረሩ በአቅራቢያው ያለውን የሽንት ፊኛ ሳይነካ አያልፍም። ከታከሙት ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ሕክምናቸውን ከጨረሱ ከወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከብዙ ዓመታት በኋላ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣባቸዋል፤ መያዝ ያቅታቸዋል፤ ደም ይሸናሉ። የጉዳቱ አመጣጥ በሕክምናው ዓለም በሰፊው ተጠንቷል። በአማርኛ ግን ይህንኑ ለታማሚው የምናስረዳባቸው ቃላት፣ አንድ በአንድ ሲታዩ ደኅና ቢመስሉም፣ በአንድነት ሲወሰዱ ጉዳዩን ይጋርዱታል።

ጉዳዩ ከቃላት አልፎ ወደ ሰው ሕይወት ይደርሳል። በኢትዮጵያ በሴቶች ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዐይነቶች የማኅፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛውን ስፍራ ይይዛል። ብዙዎቹ ሴቶች ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው በቀዶ ሕክምና ሊወገድ የሚችልበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ዋናው ሕክምናቸው ጨረር ነው። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኮባልት 60 መሣሪያ የጀመረው አገልግሎት ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በክልል ከተሞችም ማእከሎች ተከፍተዋል። ማእከሎቹ በበረከቱ መጠን ታክመው ለብዙ ዓመታት የሚኖሩ ሴቶች ቁጥር ይጨምራል። ዘግይቶ የሚመጣው ጉዳትም የሚታየው በእነዚሁ በዳኑት ላይ ነው። ስለሆነም ትክክለኛው ስያሜ በቅድሚያ የሚያስፈልገው ድና ወደ ቤቷ ለተመለሰችው ሴት ነው።

የምንተቸው የአንድን መሥሪያ ቤት ጽሑፍ ወይም የአንድን ተርጓሚ ሥራ አይደለም። በሐኪም ቤት በቃል፣ በማስተማሪያ ወረቀቶች በጽሑፍ፣ በእስራኤል፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ደግሞ በሐኪሙና በአማርኛ ተናጋሪው ታማሚ መካከል በሚቆመው አስተርጓሚ አንደበት የሚዘወተሩትን ሰባት ስያሜዎች እንመለከታለን። እነዚህም ቃጠሎ፣ ብግነት፣ የጎንዮሽ ጉዳት፣ የረጅም ጊዜ ጉዳት፣ ዳሌ፣ ደረጃ እና ፊስቱላ የሚባሉት ናቸው።

2. ሊሰየም የሚገባው ነገር

ስለ ስያሜ ከመከራከር በፊት ተሰያሚውን ማወቅ ይገባል። ለማኅፀን በር ካንሰር ከውጭ የሚሰጠው ጨረር እንደ ልማዱ ከ45 እስከ 50 ግሬይ ይደርሳል፤ ግሬይ አካል የተቀበለው የጨረር መጠን መለኪያ ነው። ይህም መጠን በየዕለቱ 2 ግሬይ ያህል እየተከፋፈለ በአምስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ይሰጣል። ከዚያም ብራኪቴራፒ የሚባለው፣ የጨረር ምንጭ በውስጥ አካል ተደርጎ የሚሰጠው ሕክምና ይከተላል፤ ሁለቱ ተደምረው በዕጢው ላይ የሚያርፈው መጠን ከ80 እስከ 90 ግሬይ ይሆናል። ፊኛ ከማኅፀን በር ፊት ለፊት ተጠግቶ የተቀመጠ አካል ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ የፊኛው የኋላ ግድግዳ ከጨረሩ ድርሻውን መቀበሉ አይቀርም።

ጨረሩ በሕዋስ ውስጥ ሲያልፍ ዲ.ኤን.ኤ.ን በቀጥታ ይበጥሳል፤ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ውሃ በመሰንጠቅም ዲ.ኤን.ኤ.ን የሚጎዱ ሌሎች ቅንጣቶችን ይፈጥራል። እዚህ ላይ ለስያሜው ጥያቄ ቁልፍ የሆነ ነጥብ አለ። በጨረር የተመታ ሕዋስ ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይሞትም። ሥራውን እየሠራ ይቆያል፤ የሚሞተው ውሎ አድሮ ለመከፈል በሚሞክርበት ጊዜ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚከፈሉ ሕዋሳት በጨረር ይበልጥ እንደሚጎዱ ቤርጎኒዬና ትሪቦንዶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1906 አስታውቀው ነበር። በዝግታ የሚከፈሉ ሕዋሳት ደግሞ ጉዳታቸውን የሚገልጡት በዝግታ ነው።

በፊኛ ላይ የሚታየው ሂደት በሦስት ጊዜያት ሊከፈል ይችላል፦

ሀ. የመጀመሪያው ጊዜ ሕክምናው በሚሰጥበት ወቅትና እስከ ሦስት ወር ድረስ ያለው ነው። የፊኛው የውስጥ ገበር ይቆጣል፤ ያብጣል፤ ሽንት ያቃጥላል፤ ቶሎ ቶሎም ይመጣል። ይህ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይበርዳል።

ለ. ሁለተኛው ጊዜ የጸጥታ ጊዜ ነው። ታማሚዋ ምንም አይሰማትም፤ ሕክምናው ያለፈ ታሪክ ይሆንባታል። በፊኛው ግድግዳ ውስጥ ግን ለውጡ አልቆመም።

ሐ. ሦስተኛው ጊዜ ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ እስከ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊዘገይ ይችላል። የቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጣዊ ገበር ስለሚጎዳ ግድግዳቸው ይወፍራል፤ ቀዳዳቸው ይጠባል፤ አንዳንዶቹም ይደፈናሉ። ደምና ኦክሲጅን ያጠረው የፊኛ ጡንቻ ቀስ በቀስ ኮላጅን በሚባል ጠንካራ ጭረት እየተተካ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ፊኛው ይጠጥራል፤ ይኮማተራል። የጤነኛ ጎልማሳ ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሽንት ሲይዝ፣ እጅግ የተጎዳው ከ100 በታች ሊይዝ ይችላል። በውስጥ ገበሩ ላይ ደግሞ የተለጠጡና ግድግዳቸው የሳሳ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይታያሉ፤ እነርሱ በቀላሉ ስለሚቀደዱ ሽንቱ ደም ይሆናል። ጉዳቱ ከባድ ሲሆን ግድግዳው ይቆስላል፤ አልፎ አልፎም ይበሳል።

በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት፣ በኤም. ዲ. አንደርሰን የካንሰር ማእከል ለማኅፀን በር ካንሰር በጨረር የታከሙ 1784 ሴቶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው ጥናት፣ በሽንት አካላት ላይ አዲስ ጉዳት የመታየቱ ዕድል ከጊዜ ብዛት ቢቀንስም ከ20 ዓመት በኋላ እንኳ ፈጽሞ እንደማይቋረጥ አሳይቷል። እንግዲህ ሊሰየም የሚገባው ነገር ሁለት ጊዜያት ያሉት ጉዳት ነው፤ የተፈጸመበት ጊዜ አንድ፣ የተገለጠበት ጊዜ ሌላ። የሚከተሉትን ስያሜዎች የምንመዝነው ይህን ልዩነት ለማስተላለፍ ባላቸው ብቃት ነው።

3. ስለ "ቃጠሎ"

"ጨረሩ ፊኛሽን አቃጥሎት ነው" የሚለው አነጋገር በጣም የተለመደ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በአማርኛ ጨረር ሲባል በቅድሚያ ወደ ሐሳብ የሚመጣው የፀሐይ ጨረር ነው፤ እርሱም ያሞቃል፤ ያቃጥላል። በሌላ በኩል ታማሚዋ ራሷ ሕመሟን የምትገልጸው "ሽንቴን ያቃጥለኛል" ብላ ነው። ቃሉ ከሁለቱም ወገን ስለተገናኘ ትክክለኛ መስሎ ይታያል። ቃሉን የተጠቀመው አማርኛ ብቻም አይደለም። ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ኤክስሬይን ካገኘ በኋላ በነበሩት ዓመታት በሠራተኞችና በታማሚዎች ቆዳ ላይ የታየውን ቁስል ፈረንጆቹም ቃጠሎ ብለውት ነበር።

ነገር ግን ለሕክምና የሚሰጠው ጨረር አካልን አያግልም። በአንድ ቀን የሚሰጠው 2 ግሬይ ወደ ሙቀት ቢለወጥ የአካልን ሙቀት የሚጨምረው ከአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሁለት ሺኛ በማይበልጥ መጠን ነው። ይህ የፊዚክስ ዝርዝር ለታማሚዋ ላያስፈልግ ይችላል፤ የቃሉ ጠባይ ግን ያስፈልጋታል። ቃጠሎ በአማርኛ ወዲያው የሚታወቅ፣ ሲደርስ የሚያስጮህ፣ ሲውል ሲያድርም የሚሽር ነገር ነው። ስለዚህ በሕክምናው ጊዜ ምንም ያልተሰማት ሴት "እኔን አላቃጠለኝም" ብላ ትደመድማለች። ያቃጠላትና የበረደላት ደግሞ ነገሩ እዚያው አብቅቷል ትላለች። ሁለቱም መደምደሚያዎች የተሳሳቱ ናቸው፤ ስሕተቱ ግን የሴቶቹ ሳይሆን የቃሉ ነው። በዚህ ላይ ቃሉ ሕክምናው ገና የሚያስፈልጋትን ሴት ሊያስፈራትና ሕይወቷን ሊያድን ከሚችል ነገር ሊያሸሻት ይችላል።

4. ስለ "ብግነት"

በእንግሊዝኛ ለዚህ ጉዳት የተለመደው ስያሜ "ራዲዬሽን ሲስታይቲስ" ነው። የስያሜው ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ፣ ማለት "-አይቲስ" የሚለው ቅጥያ፣ በሕክምና ቋንቋ ብግነትን ያመለክታል። ተርጓሚዎችም ቅጥያውን በቅጥያ በመለወጥ "በጨረር ምክንያት የሚመጣ የፊኛ ብግነት" ይላሉ። አተረጓጎሙ ከቅርጽ አንጻር ነቀፋ የለበትም።

ብግነት የሚለው ቃል ራሱም በጥሩ ሁኔታ የተመረጠ ነው። በገነ የሚለው ግስ በተራው አነጋገር በንዴት ውስጥ ውስጡን መቃጠልን ይገልጻል፤ "አበገነኝ" ሲባል ሁላችንም ስሜቱን እናውቀዋለን። የላቲኑ ስያሜም የተገኘው ከነበልባል ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ በአንድ ምስል ላይ መገናኘታቸው ለቃሉ ብርታት ምስክር ይሆናል። ከላይ በፊደል ሀ ለጠቀስነው ለመጀመሪያው ጊዜ ከብግነት የተሻለ ቃል አናገኝለትም።

ችግሩ ያለው በፊደል ሐ የጠቀስነውን ሦስተኛውን ጊዜ በዚሁ ቃል መጥራት ላይ ነው። በዚያ ጊዜ ብግነት ፈጽሞ የለም ማለታችን አይደለም፤ የጉዳቱ ዋና አካል ግን የደም ሥር መጥበብና የጡንቻ መጠጠር ነው። መብገን ሙቀትና መቆጣት ሲሆን፣ ይህኛው ደም ማጣትና መድረቅ ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱን በአንድ ቅጥያ ሲጠራ አማርኛም ተከትሎ የመሳሳት ግዴታ የለበትም።

ከስያሜው የሚከተለውን ተግባር እንመልከት። የፊኛ ብግነት የተባለ ሁሉ በሕዝቡም በብዙ የጤና ሠራተኞችም አእምሮ የሚያያዘው ከተላላፊ ሕዋሳት ጋር ነው፤ መድኃኒቱም አንቲባዮቲክ ይሆናል። ከጨረር ሕክምና ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ደም የምትሸና ሴት ብግነት ነው ከተባለች መድኃኒቱን ገዝታ ትውጣለች፤ ሳይሻላት ሲቀር ሌላ ትገዛለች። ወይም ደግሞ በአገራችን እንደተለመደው "ብርድ መታኝ" ብላ ወገቧን ጠቅልላ ትቀመጣለች። በሽንት ምርመራ ተላላፊ ሕዋስ ሲገኝ መድኃኒቱ ተገቢ መሆኑ የማያከራክር ነው፤ ሳይገኝ በስሙ ብቻ የሚሰጠው ግን ለተዘጋ የደም ሥር የሚፈይደው የለም።

ለዚህ ጉዳት ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ የነገሩን ባሕርይ በግልጽ ያሳያል። እርሱም ታማሚው በአየር ግፊት ክፍል ውስጥ ሆኖ ንጹሕ ኦክሲጅን እንዲተነፍስ በማድረግ፣ ኦክሲጅን ያጠረው አካል አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲያበቅል መርዳት ነው። በስካንዲኔቪያና በፊንላንድ ሆስፒታሎች ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ንጽጽራዊ ሙከራ ይህ ሕክምና የታማሚዎቹን የሽንት ችግር እንዳሻሻለ አሳይቷል። መሣሪያው በሁሉም አገር አይገኝም። ለስያሜ ጥናት ግን የሚሰጠው ማስረጃ ግልጽ ነው፤ መፍትሔው ደም ወዳጣው አካል ኦክሲጅን ማድረስ ከሆነ፣ የችግሩ ስም ብግነት ሊሆን አይገባም።

"ስያሜው ከዓለም አቀፉ ጋር ካልተመሳሰለ ሐኪሞች ይደናገራሉ" የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ሐኪሙ በታማሚው መዝገብ ላይ የሚጽፈው ዓለም አቀፉን ስያሜ ነው፤ ያንንም አንነካበትም። የአማርኛው ስያሜ አገልግሎት ሐኪሙ ቀና ብሎ ታማሚዋን በሚያነጋግርበት ጊዜ ነው። በዚያች ጊዜ የቃሉ ዳኛ ሰሚዋ ናት።

5. ስለ "የጎንዮሽ ጉዳት" እና "የረጅም ጊዜ ጉዳት"

"የጎንዮሽ ጉዳት" ለመድኃኒት ተፈጥሮ በሚገባ የተለመደ ሐረግ ነው። ጎንዮሽ የሚለው ቃል ከዋናው ጎን ለጎን የሚሄድን ነገር ያመለክታል። ክኒን የዋጠ ሰው ቢያቅለሸልሸው፣ ማቅለሽለሹ ከክኒኑ ጎን ይሄዳል፤ ክኒኑ ሲቆም እርሱም ይቆማል። የጨረር ሕክምና የመጀመሪያ ጊዜ ችግሮች ከዚህ ሥዕል ጋር ይስማማሉ። ሕክምናው ካለቀ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚመጣ ደም ግን ከምንም ጎን አይሄድም፤ አብሮት የሚሄድ ሕክምና የለምና። ሐረጉን የሰማች ሴት ሕክምናው ሲያበቃ የጎንዮሹም ነገር እንዳበቃ ብትረዳ አማርኛዋን በትክክል ተረድታለች።

ይህን ጉድለት ለማረም "የረጅም ጊዜ ጉዳት" የሚለው ሐረግ ይጨመራል። ይህኛው ከሰባቱ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበን ነው፤ ጉድለቱ ከሰዋስው የመጣ ስለሆነ በቀላሉ አይታይምና። በአማርኛ "የ" የሚለው ምዕላድ ሁለቱን ስሞች ያዛምዳል እንጂ የዝምድናቸውን ዐይነት አይናገርም። "የረጅም ጊዜ ዕዳ" ስንል ለመክፈል ረጅም ጊዜ የሚሰጥ ዕዳ ነው፤ "የረጅም ጊዜ ሕመም" ስንል ለረጅም ጊዜ የቆየ ሕመም ነው፤ "የረጅም ጊዜ ወዳጅ" ስንል ከድሮ ጀምሮ የነበረ ወዳጅ ነው። በሦስቱም ውስጥ ነገሩ አሁን አለ፤ ረጅም የሆነው ቆይታው ነው። ከረጅም ጊዜ በኋላ አዲስ የሚመጣን ነገር በዚህ ሐረግ መጥራት የአማርኛ ልማድ አይደለም። ስለዚህ "የረጅም ጊዜ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል" የተባለች ሴት የምትረዳው "ከተጎዳሁ ጉዳቱ ቶሎ አይለቀኝም" የሚለውን ነው። አንድ ዓመት በጤና ሲያልፍ የተነገራት ማስጠንቀቂያ እርሷን እንዳልነካት ትቆጥራለች።

የሕክምናው ሙያ ራሱ በሁለቱ መካከል ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው የአሜሪካና የአውሮፓ ሁለት የጥናት ድርጅቶች የጋራ መለኪያ እስከ 90 ቀን የሚታየውን ፈጣን ጉዳት፣ ከዚያ በኋላ የሚታየውን ዘግይ ጉዳት ብሎ ይከፍላል። ሥር የሰደደ ማለት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ፈጥኖ የመጣም ዘግይቶ የመጣም ሥር ሊሰድ ይችላል። አንዱ መነሻን፣ ሌላው ቆይታን ይለካል።

6. ስለ "ዳሌ"፣ "ደረጃ" እና "ፊስቱላ"

"የዳሌ ጨረር" የሚለው አነጋገር የአናቶሚ መጻሕፍትን አከፋፈል የተከተለ ነው። በተራው አማርኛ ግን ዳሌ ከወገብ በታች በውጭ የሚታየው ጎን ነው፤ የሴት ቁመና ሲደነቅ የሚጠቀሰው፣ ልብስ ሲለካ የሚለካው ያ ነው። ዳሌዬን ጨረር ታክሜአለሁ የምትል ሴት ፊኛዋ ከነገሩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ላትገምት ትችላለች። "የዳሌ ጎድጓዳ" ቢባል በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ባዶ ስፍራና በውስጡ ተጠጋግተው የተቀመጡትን ፊኛን፣ ማኅፀንንና የአንጀትን መጨረሻ በአንድነት ያስባል። ለታማሚዋ "ከእንብርት በታች፣ በአጥንቱ መካከል" ብሎ ማብራራት ይበቃል።

"ደረጃ" ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም የሚጠራ ነው። ካንሰሩ ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚገለጸው በደረጃ ነው፤ የጨረሩ ጉዳት ምን ያህል እንደከበደ የሚገለጸውም በደረጃ ነው። ከላይ በጠቀስነው የጋራ መለኪያ መሠረት ፊኛው ከ150 ሚሊ ሊትር በታች ብቻ የሚይዝና ደጋግሞ የሚደማ ከሆነ ጉዳቱ በሦስተኛው ስፍራ ይመደባል። ይህን "ደረጃ 3" ብለን የተረጎምንላት ሴት የምትሰማው ካንሰሩ መመለሱንና መስፋፋቱን ነው። ቃሉ ለካንሰሩ የጸና ስለሆነ በዚያው ይቆይ፤ ለጉዳቱ ክብደት ግን "እርከን" እንዲባል እናሳስባለን። እርከን በተራራ ገደል ላይ ከፍ ዝቅ ብሎ የሚሠራውን መደብ የሚያስታውስ ስለሆነ መጠንን በተራ ለመግለጽ ይስማማል።

"ፊስቱላ" የውጭ ቃል ቢሆንም በአገራችን የታወቀ ነው። ቃሉን ያስተዋወቀው፣ ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ባከናወኑት ሥራ የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ነው። ስለሆነም ፊስቱላ በአማርኛ ምጥ በርትቶባት ልጇን ያጣችና ሽንቷ የሚፈስ ወጣት ሴት ማለት ሆኗል። በጨረር ምክንያት ፊኛዋ የተበሳ የ60 ዓመት ሴት በዚህ ሥዕል ውስጥ ራሷን አታገኝም። ሁለቱ ቀዳዳዎች መነሻቸው ደም ማጣት መሆኑ እውነት ነው፤ በምጥ ጊዜ የሕፃኑ ራስ ገላውን በአጥንት ላይ ተጭኖ በቀናት ውስጥ ይገድለዋል፤ በጨረር ጊዜ የደም ሥሮች መደፈን በዓመታት ውስጥ ይገድለዋል። ልዩነቱ በጥገናው ላይ ይታያል። በምጥ የተበሳው ዙሪያው ብዙውን ጊዜ ደም ያለው ገላ ስለሆነ ሲሰፋ ይይዛል፤ በጨረር የተበሳው ግን ዙሪያውም የተጎዳ ስለሆነ ስፌቱ በቀላሉ አይጸናም፤ ከሌላ የአካል ክፍል ጤነኛ ገላ ማምጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን እንዳይቆም "የምጥ ፊስቱላ" እና "የጨረር ፊስቱላ" ተብሎ ቢለይ ተስፋንም ሕክምናንም በልኩ ለማድረግ ይረዳል።

7. የምናቀርበው ሐሳብ

በስያሜ ሥራ የተለመደው ሥርዓት በመጀመሪያ ከሕያው አማርኛ፣ ቀጥሎ ከግዕዝና ከሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች፣ በመጨረሻም ከውጭ መውሰድ ነው። በዚሁ መሠረት የሚከተለውን እናቀርባለን።

ሀ. ፊኛ እንዳለ ይቆይ። ቃሉ አካሉንም ሕፃናት የሚነፉትንም መጫወቻ መጥራቱ ጉድለት መስሎ የሚታያቸው አሉ። እኛ ግን እንደ በረከት እንቆጥረዋለን። ፊኛ መለጠጥ እንዳለበት፣ ከደረቀም እንደማይለጠጥ ለማስረዳት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ለ. በሕክምናው ጊዜና እስከ ሦስት ወር ለሚታየው "ብግነት" ይጽና።

ሐ. ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ "ዘግይቶ ደራሽ ጉዳት" የሚለውን እናቀርባለን። "ደኃራይ ጉዳት" የሚለው የግዕዝ ስያሜ አጭርና የጠራ ነው፤ ለመዝገበ ቃላት ሊያገለግል ይችላል፤ ለታማሚዋ ግን ሌላ ትርጓሜ የሚያስፈልገው ይሆናል። ዘግይቶ ደራሽ የሚለውን ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያለአስረጂ ይረዳዋል። "ፈጥኖ ደራሽ የሚባለው ለረዳት ነውና ለጉዳት አይስማማም" ለሚሉ፣ ደራሽ ውሃን እናስታውሳቸዋለን። ደራሽ ውሃ ሰማዩ በጠራበት ቆላ፣ ደረቅ ወንዝ በሚሻገር ሰው ላይ የሚመጣ ነው፤ ዝናቡ የዘነበው ግን ቀደም ብሎ በደጋ ነው። የተፈጸመበትና የተገለጠበት ጊዜ መለያየቱን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ቃል በአማርኛ አላገኘንም።

መ. ለጡንቻው መለወጥ "የፊኛ ጥጥረት" ይባል። "ጠባሳ" የሚለውን ያልመረጥነው፣ በአማርኛ ጠባሳ የቁስል መሻር ምልክት ስለሆነ ነው። ጥጥረቱ ግን ሊቀጥል የሚችል ለውጥ ነው። "ሆዴ ጠጠረ" የሚለው የዘወትር አነጋገርም ቃሉን ለአካል የተገባ ያደርገዋል።

ስያሜው ሲሻሻል አንድ ጥንቃቄ ሊዘነጋ አይገባም። ጨረር በታከመ ሰው ላይ የሚታይ የሽንት ደም ሁሉ የጨረር ጉዳት አይደለም፤ የተላላፊ በሽታ፣ የጠጠር፣ የካንሰሩ መመለስ ወይም የአዲስ ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለሆነም አዲሱ ስም የምርመራ መነሻ እንጂ የምርመራ ምትክ እንዳይሆን የሐኪሙ ኀላፊነት ነው።

8. ለመፈተኛ የቀረበ ናሙና

ስያሜ የሚፈተነው በዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው። የሚከተለውን ሕክምናዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ ለምትመለስ ሴት ሊነበብ የሚችል ናሙና አድርገን አዘጋጅተነዋል፦

"የታከሙበት ጨረር ካንሰሩን ሲመታ በአጠገቡ ያለውን የሽንት ፊኛም ነክቶታል። በሕክምናው ሰሞን የሚሰማዎት ማቃጠል ፊኛው በግኖ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይበርዳል። ከዚያ በኋላ ምንም ሳይሰማዎት ወራት ወይም ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ብዙ ሰዎች ከዚህ በኋላ ከባድ ችግር አይገጥማቸውም። ነገር ግን ቆይቶ ደም ቢሸኑ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ቢመጣብዎት ወይም ቢያመልጥዎት፣ ዘግይቶ ደራሽ የጨረር ጉዳት ሊሆን ይችላል። ዓመቱ የቱንም ያህል ቢርቅ ጨረር መታከምዎን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሐኪሙም ሌላ ምክንያት መኖር አለመኖሩን ይመረምራል።"

ናሙናው ከአንዲት ገጽ ያነሰ ነው፤ ከካንሰር በቀር የውጭ ቃል የለበትም። በጨረር ሕክምና ማእከሎች የሚያገለግሉ ነርሶች፣ ሐኪሞችና አስተርጓሚዎች ይህን ወይም የተሻለውን ለታማሚዎች አንብበው፣ ታማሚዎቹ የተረዱትን በራሳቸው ቃል መልሰው እንዲናገሩ ቢያደርጉና ውጤቱን ለዚህ መጽሔት ቢልኩልን፣ ስያሜዎቹን ለማጽናት ወይም ለመለወጥ የሚያስችል ማስረጃ ይሆነናል።